በወቅቱ መጀመሪያ በትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ ለማደር፦ ምን ጎድሎኛል?

ጠያቂ፦ አዲስ ሸራ

ሰላም ለሁላችሁ። 5.8 ሜትር ርዝመት ያላት፣ በተጎታች የምትጓጓዝ ትንሽ የሸራ ጀልባ አለችኝ። ኪሏ (ከሆዷ ሥር ወደ ውኃ የሚወርደው ሚዛን ጠባቂ ክንፍ) ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ካቢኗ ሁለት ሰው ያስተኛል፣ ከኋላዋ ደግሞ ባለ 4 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ባለፈው ዓመት በሞቃቱ ወራት ደጋግሜ ወጥቻለሁ፤ ሁሌም ግን ማታ ወደ ቤት ነው የምመለሰው። አድሬባት አላውቅም።

የብርዱ ወራት ገና መውጣቱ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ከ14 ዓመት ልጄ ጋር ሐይቅ ላይ ለማደር ቃል ተገባብተናል። ትንበያው ቀን 19፣ ሌሊት 4 ዲግሪ ይላል። ረፋድ ላይ ጀልባዋን አውርደን፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ በሁለት ኮረብታዎች መካከል ያለ የውኃ ጥግ ውስጥ መልሕቅ ልንጥል ነው። የቀኑ ነፋስ እዚያ አይገባም። ጥልቀቱ 4 ሜትር ነው፤ መልሕቄ 20 ሜትር ገመድና 3 ሜትር ሰንሰለት አለው። ለሌሊቱ ብርድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ካቢኗ ውስጥ ላበራ አስቤያለሁ። ያላየሁት ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ልጄን ይዤ ስለምሄድ ምንም አትደብቁኝ።

የቆየ ቀዛፊ

ልጄ፣ የጠየቅኸው ስለ አየሩ ነው፤ እኔ ግን የምጠይቅህ ስለ ውኃው ነው። አየሩ በጥቂት ቀን ይሞቃል፣ ሐይቅ ግን የብርዱን ወራት በሆዱ ይዞ ይቆያል። ቀን 19 ዲግሪ ሲሆን ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፤ ከጀልባዋ በታች ያለው ውኃ ግን ያኔም 8 ወይም 9 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ልብስ የምትመርጡት ለውኃው እንጂ ለፀሐዩ አይሁን። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ፍጥነት ይወስዳል።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብሬክት ያስተዋወቁት፣ በቃል ለመያዝ የሚቀል አንድ ቁጥር አለ፦ 1፣ 10፣ 1። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሹ ከቁጥጥሩ ውጭ ይሆናል፤ ሳያስበው በድንገት አየር በኃይል ይስባል፣ አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ውኃ ይስባል። ቀጥሎ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በብርዱ ምክንያት ራሱን እስኪስት ግን 1 ሰዓት ያህል አለው። ስለዚህ ብዙዎች የሚሞቱት በርዷቸው ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰጥመው ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው ቀድሞ የተለበሰ የሕይወት አድን ጃኬት ነው፤ ካቢን ውስጥ የተቀመጠ ጃኬት ውኃ ውስጥ ሆኖ አይለበስም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ብትወድቅ ልጅህ ጀልባዋን አቁማ ልታወጣህ ትችላለች? መሰላሉን ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ራሱ ስቦ ማውረድ ይችላል? ይህን ሁለቱን ሳትመልስ አትውጣ።

ጎታች

የቆየ ቀዛፊ ዋናውን ብለውታል። እኔ ስለ መንገዱ ልጨምር። ተጎታቹ ወራት ሙሉ ቆሞ ከነበረ ጎማው ጥርሱ ደህና ቢሆንም ጎኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ ጎንበስ ብለህ እየው። ኩሽኔታዎቹን ግራሶ ቀባቸው። ሐይቁ ዳር ስትደርስ ደግሞ ወዲያው ወደ ውኃ አታስገባው። በጉዞ የጋለ የጎማ እምብርት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን በጎሚኒው በኩል ወደ ኩሽኔታው ይስባል። እጅህን አሳርፈህበት እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የሸራውን ምሰሶ የምታቆመው በዚያው ጊዜ ነው፤ ከማቆምህ በፊት ግን ቀና ብለህ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ እንደሌለ፣ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድም እንደማያልፍ ተመልከት። የምሰሶውን ገመዶች የሚይዙት ፒኖች ሁሉ ቀለበታቸው መኖሩን አንድ በአንድ በእጅህ ዳስስ።

የማፍሰሻውን ውታፍ ደግሞ ከቤት ሳትወጣ ድፈነው። ባለፈው ዓመት እኔ ረስቼው ጀልባዬ ተዳፋቱ ላይ ሳለች ውኃ ሞላባት።

ነፋስ አንባቢ

ወንድሜ፣ መልሕቁ ላይ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የሚቆጠረው የውኃው ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ከውኃው ወለል እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለው ከፍታም ይጨመራል። 4 ሜትር ላይ 1 ሜትር ጨምረህ 5 ይሆናል። ገመድ ለበዛበት መልሕቅ ለሌሊት የሚመከረው የዚህ 7 እጥፍ ነው፤ ማለትም 35 ሜትር። አንተ ያለህ በጠቅላላ 23 ነው፤ 5 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ገመዱ ሲያጥር ጀልባዋ መልሕቁን ወደ ላይ ትስበዋለች፤ መልሕቅ ደግሞ የሚይዘው በአግድም ሲሳብ ነው። ወይ ገመድ ጨምር፣ ወይ ደግሞ ኪልህ ስለሚታጠፍ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ እደር፤ ያኔ 3 ሲባዛ በ7፣ 21 ስለሚሆን ያለህ ይበቃል። ጀልባዋ በገመዷ ዙሪያ ክብ እየሠራች እንደምትዞር ግን አትርሳ፤ የክቡ ዳር ከድንጋይና ከዳርቻ ይራቅ።

ከገመዱ በላይ የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። በሁለት ኮረብታዎች መካከል ያለ ጥግ ቀን ጸጥ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የኮረብታው ጎን ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፣ እላዩ ያለው አየርም ቀዝቅዞ ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ቁልቁል ይንሸራተታል። በሁለቱ መካከል ሸለቆ ካለ የሸለቆው አፍ የዚያ አየር መውጫ ይሆናል። ሰማዩ በጠራበት፣ ሌሊቱ ወደ 4 ዲግሪ በሚወርድበት ቀን ደግሞ ይበረታል። ቀን ከሐይቁ በኩል የተከለልክበት ጥግ እኩለ ሌሊት ላይ ከየብስ በኩል ይነፍስብሃል፤ ጀልባዋ ትዞርና መልሕቁ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳባል። በካርታ እየው። ጥጉ ከበስተኋላው ሸለቆ ካለው ሌላ ፈልግ። ከጣልከው በኋላም በሞተር ወደ ኋላ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ዳር ላይ ሁለት ዛፍ አሰልፈህ ጀልባዋ አለመንሸራተቷን አረጋግጥ።

እናት ጀልባ

የጋዝ ምድጃውን በተመለከተ ለምን ማንም አልተናገረም? እባክህ ተኝታችሁ ሳለ አታብራው። በተዘጋ ካቢን ውስጥ የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ራስ ምታቱ የሚመጣው ሰው ነቅቶ ከሆነ ነው፤ የተኛ ሰው አይነቃም። እሳቱ እንፋሎትም ስለሚያወጣ ካቢኗን ያረጥባታል።

ከምድጃ ይልቅ በምቹነት ደረጃው ከ4 ዲግሪ በታች የሚል ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጀልባዋ ወለል ነው የሚመጣው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደረቅ ካልሲ ቀይሩ፤ ቀን የለበሳችሁት ላብ ይዟል።

ባለ ሁለት ሸራ

እኔ ለብዙ ዓመታት በምድጃ ካቢኔን ሳሞቅ ኖሬያለሁ፤ መስኮቱ በትንሹ ክፍት ከሆነ ችግር አላየሁም።

እናት ጀልባ

አከብርሃለሁ፤ ነገር ግን ነፋሱ ሲዞር ክፍቱ መስኮት አየር ማስወጣቱን ትቶ ሊያስገባ ይችላል። ነቅተህ ለ10 ደቂቃ ማብራት አንድ ነገር ነው፣ አብርቶ መተኛት ሌላ ነው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይኑር። ካቢኗን ግን ከፊትም ከኋላም በትንሹ ክፈቱት፤ አለዚያ የትንፋሻችሁ እንፋሎት ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ወደ ውኃ ተለውጦ ሌሊቱን ይንጠባጠብባችኋል።

አዲስ ሸራ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርታውን አየሁት፤ ጥጉ ጀርባ በእርግጥ ሸለቆ አለ። ምድጃውን ትቼዋለሁ። ጋሼ የቆየ ቀዛፊ፣ ለሁለቱም ጥያቄዎ መልሱ አይቻልም ነው፤ መሰላሉ ወደ ላይ ሲታጠፍ በማሰሪያ ነው የሚያዘው፣ ልጄም ሞተሩን አስነስታ አታውቅም። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ሌሊት መብራት ያስፈልጋል? ሞተሩ ውስጥ ደግሞ ካለፈው ዓመት የቀረ ቤንዚን አለ።

ጎታች

ቤንዚኑን አውጥተህ አዲስ ሙላ። ካንዴላውን አጽዳ፣ ከዚያ ከቤት ሳትወጣ ደጅ ላይ በውኃ በተሞላ በርሜል አስነሣው። ከጎኑ ቀጭን ውኃ ካልፈሰሰ ማቀዝቀዣው አልሠራም ማለት ነውና አጥፋው።

ነፋስ አንባቢ

የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ መልሕቅ ለጣለ ጀልባ ዙሪያውን የሚታይ ነጭ መብራት ያዛል። ከ7 ሜትር በታች የሆነች ጀልባ ሌሎች ከሚተላለፉበትና መልሕቅ ከሚጥሉበት ቦታ ርቃ ካደረች ነፃ ናት፤ የሐይቅህ ደንብ የተለየ ሊሆን ስለሚችል እሱን እይ። እኔ ግን ሁሌም አብራው እላለሁ። 2 ዋት ኤልኢዲ ከ12 ቮልት ባትሪ 12 ሰዓት ሙሉ ሲበራ የሚወስደው 2 አምፔር ሰዓት ነው፤ ምንም ማለት አይደለም።

የቆየ ቀዛፊ

14 ኪሎ ሜትሩን ተወው። በነፋስ ጀርባ ስትሄድ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ እሑድ በነፋሱ ላይ እየተመላለስክ ስትመለስ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ ደግሞ ገና አጭር ነው። ነፋሱ በእጥፍ ሲጨምር ሸራውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን ገና ከመነሻው ሸራህን አሳጥረህ ውጣ። ከማውረጃው ከ3 ኪሎ ሜትር ያልራቀ ጥግ ፈልግና እዚያ እደሩ። ወቅቱ ገና ስለሆነ የምታውቃቸው ተንሳፋፊ ምልክቶች ተመልሰው ላይተከሉ ይችላሉ፤ ግንድም ይንሳፈፋል። የት እንደምታድርና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ የብስ ላይ ላለ አንድ ሰው ጽፈህ ስጥ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከሁሉ በፊት ልጅህ ሞተሩን ሦስት ጊዜ ታስነሳ፣ ሦስት ጊዜ ታጥፋ።

አዲስ ሸራ

ሰኞ ነው፤ ተመልሰናል። ከማውረጃው 2.5 ኪሎ ሜትር ላይ አደርን፣ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ገመዱን ሙሉ ለቅቄ። ነፋስ አንባቢ እንዳለው ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከየብስ በኩል ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋ ግማሽ ዙር ዞረች፣ መልሕቁ ግን ያዘ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ዛፎቹን በባትሪ አየኋቸው። መሰላሉን ከውኃ ውስጥ በሚሳብ ገመድ አስሬዋለሁ፤ ልጄ ሞተሩን በሁለተኛው ሙከራ አስነሣች። የፊቱን መስኮት ስለበረደን ሌሊት ዘግቼው ነበር፣ ጠዋት ጣሪያው ሁሉ ጠብታ ሆኖ የእሷ ስሊፒንግ ባግ ከእግሩ በኩል ረጠበ። ጓንትም አንድ ብቻ ነው የያዝነው፤ የረጠበ ገመድ በባዶ እጅ መሳብ እንዲህ እንደሚያደነዝዝ አላወቅሁም ነበር። ለሚቀጥለው 15 ሜትር ገመድና ሁለት ጓንት እገዛለሁ። ልጄ ደግሞ ወደ ሩቁ ጥግ መቼ እንደምንሄድ ከአሁኑ እየጠየቀችኝ ነው፤ ውኃው ስንት ዲግሪ ሲደርስ ብላት ይሻላል?

የቆየ ቀዛፊ

ቴርሞሜትር በገመድ አስረህ አንድ ሜትር አውርደውና እሷ ራሷ በየሳምንቱ ትመዝግበው። 15 ሲያልፍ ንገሩኝ፣ መንገዱን አብረን እናያለን።