ቦርከናን፣ ተጠርጣሪንና የሐረጎን አደጋ ስንዘግብ ሕጉ እስከ የት ይሸፍነናል?

ጠያቂ፦ ሙጋድ

ሰላም ለቤቱ። በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠሩ ጀማሪ ዘጋቢዎች የሥራ መመሪያ እየተዘጋጀ ነው፤ የሕግ ክፍሉ ላይ ሦስት ነገር መልስ ይፈልጋል።

አንደኛ፣ የቦርከና ወንዝ ዳር ነዋሪዎች «ፋብሪካው ሌሊት ሌሊት ፍሳሽ ይለቃል» አሉ እንበል። ሥራ አስኪያጁ ስልክ አያነሣም። «ነዋሪዎች እንደሚሉት» ብለን የፋብሪካውንም የሥራ አስኪያጁንም ስም ብንጠራ ተጠያቂው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ፖሊስ በመግለጫው ስሙን የጠራውን ተጠርጣሪ እኛም በስሙ መጥራት እንችላለን? ሦስተኛ፣ ሐረጎ (በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ቁልቁለት መንገድ) ላይ መኪና ተገልብጦ ሰው ሲጎዳ የትኛው ፎቶ ይወጣል፣ የትኛው ይቀራል? «ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል፣ አትፍሩ» የሚባለውንም አብራችሁ ብታጠሩልን። አንቀጽ እየጠቀሳችሁ ይሁን።

መልስ፦ ሸዋ በር

«ተብሏል» አይሸፍናችሁም። ነዋሪው ለጎረቤቱ ያወራውን ለከተማው ሁሉ ያደረሰው ዘጋቢው ስለሆነ፣ የሚጠየቀውም እሱ ነው፤ የጋዜጣ ዋና አዘጋጅም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2135 አብሮ ይገባበታል።

የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2044ን አንብቡት። በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ ታማኝነቱን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር በቃልም ሆነ በጽሑፍ ማውጣት ጥፋት ነው። አንቀጽ 2045 ይቀጥልና የመጉዳት ሐሳብ መኖሩ የግድ እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ክፋት አልነበረኝም» ብሎ ክስ መመለስ አይቻልም።

መከላከያው ያለው ቀጥሎ ነው። በ2047 የተናገርከው እውነት መሆኑን ካስረዳህ ነጻ ነህ። የማስረዳቱ ሸክም ግን አንተ ላይ ነው፤ ከሳሹ ንጽሕናውን እንዲያስረዳ አይገደድም። እውነትም ቢሆን ዓላማህ ያን ሰው መጉዳት ብቻ ከነበረ አትድንም። በ2046 ደግሞ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየት መስጠት፣ ሰውየውን በሕዝብ ዘንድ የሚያስወቅስ ቢሆን እንኳ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተናገረ ካልሆነ በቀር አያስጠይቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒውዮርክ ታይምስና በሰሊቫን ክርክር «ሐሰትነቱን እያወቀ» የሚለውን መለኪያ ያወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ ሕግ ከዚያ በአራት ዓመት ይቀድማል። ልዩነታቸውን ግን አትርሱ። የሰሊቫን ፍርድ ስለ ባለሥልጣን የተጻፈን የተሳሳተ ፍሬ ነገር ጭምር ይጠብቃል፤ የእኛ 2046 የሚጠብቀው አስተያየትን ነው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ከመልቀቃችሁ በፊት ለዩት። «አስተዳደሩ ለቦርከና የሰጠው ትኩረት አሳፋሪ ነው» አስተያየት ነው። «ሥራ አስኪያጁ ፍሳሹ ሌሊት እንዲለቀቅ አዝዟል» ፍሬ ነገር ነው፤ ትእዛዙን የሰማ ምስክር ወይም ወረቀት ይፈልጋል። አደገኛው መካከል ላይ ያለው ነው፦ «ሕዝብ የሚመርዝ ጨካኝ»። አስተያየት ይመስላል፤ «መርዟል» የሚል ፍሬ ነገር ግን በውስጡ ተሸክሟል፣ ፍርድ ቤትም የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ስም አለመጥራትም ሁልጊዜ አያድንም። በከተማው አንድ ብቻ ያለ ዓይነት ፋብሪካ ከሆነ፣ ዓይነቱን መጻፍ ስሙን መጻፍ ነው።

ወንጀልን በተመለከተ፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ወስዶታል። እስሩ ቀረ እንጂ ካሳው አልቀረም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሞራል ካሳን በ1,000 ብር ስለወሰነ በዚያ የሚዘናጋ አለ፤ የቀድሞው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ 590/2000 እንኳ ለመገናኛ ብዙኃን እስከ 100,000 ብር ፈቅዶ ነበር። ሰውየው «ውል ተሰረዘብኝ» ብሎ በማስረጃ ካቀረበ ደግሞ ያ በገንዘብ የሚቆጠር ጉዳት ነው፤ ለብቻው ይሰላል።

መልስ፦ ጦሳ ሥር

ሸዋ በር ያሉት ላይ የማስረጃውን ሥራ ልጨምር። ሕጉን የሚያውቅ ዘጋቢ ክስ የሚሸነፈው እዚህ ነው።

የፍሳሹን ጉዳይ ከሰው አፍ አውጥታችሁ ወደ ውኃው አምጡት። ናሙና የሚወሰደው ቢያንስ ከሁለት ቦታ ነው፦ ፍሳሹ ወንዙን ከሚገናኝበት በላይና በታች። የታችኛውን ብቻ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጠበቃው ተነሥቶ «ቦርከና ደሴን አቋርጦ ነው የመጣው፣ ቆሻሻው ከላይ አለመምጣቱን በምን አወቃችሁ?» ካለ መልስ የለም። ከላይና ከታች የተወሰዱት ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። በመካከል ሌላ ቱቦ ወይም ጅረት አለመግባቱንም በእግር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የቀጂው ስም ይጻፍ። አሲድነቱ እዚያው ወንዙ ዳር ይለካ፤ በመንገድ ይለወጣልና። የተቀረው በበረዶ ሣጥን፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ላቦራቶሪ ይድረስ። ኦክስጅን የሚበላውን ብክለት የሚለካው ምርመራ ከ48 ሰዓት በላይ በቆየ ናሙና ከተሠራ ውጤቱ አይታመንም። ናሙናውን ማን ለማን እንዳስረከበ በፊርማ ይያዝ።

ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ይለወጣል። «ፋብሪካው ወንዙን በክሏል» ማለት ቀርቶ «ከማስወገጃ ቱቦው በታች በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት የተቀዳው ውኃ ውጤቱ ይህ ነው፣ ከቱቦው በላይ ደግሞ ይህ» ይሆናል። ይህን የሚያስተባብል ሰው የራሱን ላቦራቶሪ ይዞ መምጣት አለበት።

ስልክ አያነሣም ያላችሁት ላይ፦ «ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚለው ሐረግ ብቻውን ባዶ ነው። ጥያቄው በደብዳቤ ይሁን፣ ጥያቄዎቹ በቁጥር ይቀመጡ፣ ልታወጡት ያሰባችሁት ክስ ራሱ በግልጽ ይጻፍበት፤ «ስለ አካባቢ ጥበቃ ልናነጋግርዎ» ብሎ ጠርቶ በፍሳሹ ማጥቃት ተገቢም አይደለም፣ ፍርድ ቤትም ፊት ያስገምታል። ለመልስ ሦስት የሥራ ቀን ስጡ፣ በራሳችሁ ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመቱ። ዘበኛው አልቀበልም ካለ የሄዳችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ አብሯችሁ የነበረውንም ሰው ጻፉ።

ከመንግሥት በኩል ደግሞ የአዋጅ 590/2000 የመረጃ ነጻነት ክፍል ዛሬም ይሠራል። የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ፋብሪካውን የመረመረበትን ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን ነካኝ ማለት ሳይጠበቅበት፣ ስለ ብክለት አቤት ማለት ይችላል። ነዋሪዎቹ አቤቱታ አስገብተው ከሆነ ቁጥሩና ቀኑ ለእናንተ የተረጋገጠ ፍሬ ነገር ነው።

የክስ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው። ማስታወሻ ደብተሩ፣ ድምፁና ደብዳቤው ከዚያ በፊት አይጣል። ስልክ ሲቀየር የሚጠፋው ድምፅ ብዙ ነው።

ጠያቂ፦ ሙጋድ

ጋሼ ጦሳ፣ እግዜር ይስጥልን፤ የናሙናው ነገር እንዳለ መመሪያው ውስጥ ይገባል። የፖሊሱን መግለጫስ? ብዙዎቹ የሚለቀቁት መጀመሪያ በፌስቡክ ነው፣ ዘጋቢዎችም በግል ገጻቸው ቶሎ ያጋሩታል።

መልስ፦ ቧንቧ ውኃ

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2048 ልብ በሉ። ያለመጠየቅ ጥበቃ የሰጠው በምክር ቤትና በፍርድ ቤት ክርክር ለተነገረ ቃልና ያንኑ በታማኝነት ላባዛ ሰው ነው። የፖሊስ መግለጫ በዚያ ውስጥ የለም። ፖሊስ ከተሳሳተ ስሕተቱ የእናንተም ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ ገና ክስ ያልቀረበበት ይቅርና።

ስለዚህ ክስ እስኪመሠረት ድረስ ስም መያዝ ይሻላል፤ ጉዳዩ የሕዝብ ባለሥልጣንን ወይም የሕዝብን ደኅንነት የሚመለከት ካልሆነ በቀር። ክሱ ፍርድ ቤት ሲደርስ የችሎቱን ቃል፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የፍርድ ቤቱን ስም ይዛችሁ ጻፉ፤ የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሁን የወረዳ ፍርድ ቤት ይለይ። ጥበቃው «በታማኝነት» ለዘገበ ነውና የዐቃቤ ሕግን ክስ ዘርዝራችሁ የተከሳሹን መልስ በአንድ መስመር ከዘለላችሁት ታማኝነቱ ፈረሰ።

ቃላቱ ደግሞ በእጅጉ ይለያያሉ። የተያዘ ሰው ተጠርጣሪ ነው፤ ክስ ሲቀርብበት ተከሳሽ፤ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ ነው ጥፋተኛ የሚባለው። «በዋስ ተለቀቀ» ማለት ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። «ክሱ ተቋረጠ» እና «በነጻ ተሰናበተ»ም የተለያዩ ናቸው፤ የተቋረጠ ክስ ሊመለስ ይችላል፣ የተሰናበተው ግን ፍርድ አግኝቷል። «ዘራፊው ተያዘ» የሚል ርዕስ ከሥሩ «ተጠርጣሪው» ተብሎ ቢጻፍም አይታረምም፤ ሰው የሚያጋራው ርዕሱን ነው። መያዙን የዘገባችሁለትን ሰው በነጻ መሰናበቱንም በዚያው ቦታና በዚያው መጠን ዘግቡለት። ይህን የማያደርግ ዝግጅት ክፍል ለአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል።

በግል ገጽ ማጋራቱ ከሁሉ የከፋው ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ የ1238ቱ ጥላ የተዘረጋው ለመገናኛ ብዙኃን ነው። በግል ገጽ ለወጣ ስም ማጥፋት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 እና የወንጀል ሕጉ 613 አሉ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛው መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ፣ በሬዲዮና ቴሌቪዥን ወይም በጋዜጣ ከወጣ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። ይህ አዋጅ ግጭት ወይም ሁከት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ሐሰትን ነው የሚመለከተው፤ ሚዛናዊና ትክክለኛ የሆነ ዜናንም ከወንጀሉ ያወጣል። ግን «ሐሰት መሆኑን ማወቅ ነበረበት» የሚል መለኪያ ስላለው፣ ሳያጣሩ ማጋራት መከላከያውን ያሳጣል።

መልስ፦ እቴ ሰኞ ገበያ

የሐረጎውን እኔ ልመልስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ የሆነን ወይም ሕዝብን የሚመለከት ነገር፣ የታወቀን ሰውና ባለሥልጣንን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። መንገድ ላይ የተገለበጠው መኪና፣ የተሰበረው አጥር፣ የተዘጋው አስፋልት በ28 ይወጣሉ። ፊቱ የሚታይ ቁስለኛ ግን ዜናውን የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሕዝቡ ማወቅ ያለበት መንገዱ የት ላይ እንደሚያስቸግርና ስንት ሰው እንደተጎዳ ነው። አምቡላንስ ውስጥና የሆስፒታል አልጋ ላይ ሲደርስ ደግሞ አደባባይነቱ አክትሟል። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ተመድቧል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትን ያስከብራል።

ሰሌዳውን ሸፍኑ። በወሎ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ተቀምጦ ነው። ሰሌዳ ያየች እናት ልጇን በስልክ መስኮት ላይ እንድታጣ ማድረግ፣ ሕግ ባይከለክለውም አይደረግም። የሟች ስም ቤተሰቡ ከተረዳ በኋላ ይውጣ።

ማንም የማይጠነቀቅበት የማኅደር ፎቶ ነው። ፒያሳ ላይ ለትራፊክ ዜና የተነሣች የአንድ ሹፌር ፎቶ ከዓመት በኋላ «ጠጥተው የሚያሽከረክሩ» ለሚል ዘገባ ከዋለች፣ ፎቶዋ እውነት ሆና ዘገባው ስም አጠፋ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የት፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ እንደተነሣና ፈቃድ መኖሩ ተጽፎ ይቀመጥ።

መልስ፦ ሸዋ በር

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አቤቱታ ሲመጣ ዝም አትበሉ። በ2049 የመጉዳት ሐሳብና ከባድ ቸልተኝነት ከሌለ፣ ጋዜጣው ቃሉን ወዲያውኑ አንሥቶ ይቅርታ ካወጣ ከካሳ ይድናል። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል የተጻፈው ለዚህ ነው፤ መጥሪያ ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ማስተባበያ ዘግይቷል። ማስተባበያው «ቅር ያለው ካለ» አይበል፤ የትኛው ቃል ስሕተት እንደነበረና ትክክሉ ምን እንደሆነ ይናገር።

ምንጭን በተመለከተ፣ 1238/2013 ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ምንጫችሁን እንድትገልጹ አያስገድድም። በመገናኛ ብዙኃን በኩል ፈጽሟል የተባለ ወንጀል ቢሆን እንኳ ዘጋቢው ለተጨማሪ ምርመራ በጊዜ ቀጠሮ ሳይያዝ በቀጥታ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የክሱ ስም ወደ ሌላ ሕግ ሲዞር ግን ይህ ጥበቃ እንደሚያመልጥ እወቁ። ደግሞ የምንጭ ጥበቃና የ2047 የማስረዳት ሸክም ይጋጫሉ። ስሙን የማትገልጹት ሠራተኛ በካሳ ክስ ላይ ቆሞ ሊመሰክርላችሁ አይችልም። ስለዚህ ስውር ምንጭ መንገድ ያሳይ እንጂ ዘገባውን አይሸከም፤ እሱ ያለውን የሚያስረዳ ወረቀት፣ ናሙና ወይም በስሙ ለመቆም የፈቀደ ሁለተኛ ሰው ሳይገኝ አይውጣ። ይህን ለሠራተኛው ከመጀመሪያው ንገሩት፣ በኋላ «ምስክር ሁንልን» ብላችሁ እንዳታስጨንቁት። ስሙን በስልክ አትመዝግቡ፤ በደብተር ምልክት ብቻ ጻፉና የምልክቱን ፍቺ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።