ምክር ቤት በጀት ያሻሽላል ወይስ እጅ ያወጣል?

ሲስተር፣ ከደብረ ማርቆስ፦

እንደምን ሰነበታችሁ የአገሬ ልጆች። ሰኔ ገብቷል፤ በክልልም በወረዳም በጀት የሚጸድቅበት ወር ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራልና አዳራሾቹ በዚህ ሰሞን ይሞላሉ። ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው፤ ሕዝብ የመረጠው የምክር ቤት አባል መደበኛ በጀቱን መስመር በመስመር እያየ «ከዚህ ይቀነስ፣ እዚያ ይጨመር» ማለት ይገባዋል? ወይስ ካቢኔው ያመጣውን ድምር ሰምቶ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ፣ እጁን አውጥቶ መሄድ ነው ያለበት?

እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። አንድ የምርጫ ዘመን በአንድ ወረዳ ምክር ቤት አባል ነበርኩ። የበጀቱ ሰነድ የሚሰጠን በስብሰባው ዕለት ጠዋት ነው፤ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ የአንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የተቆረጠ። በሦስተኛው ዓመት የጤና ጽሕፈት ቤቱን ገጽ ፈልጌ አገኘሁና በእርሳስ አከበብኩት። የበጀት ኮድ 6217፤ ነዳጅና ቅባት። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈበት። የአምቡላንሱም፣ የሞተር ሳይክሎቹም፣ ለስብሰባ የሚወጣው መኪናም ነዳጅ የሚቀዳው ከዚያችው ቁጥር ነው። በዚያ ዓመት ከጥር በኋላ አምቡላንሱ ነዳጅ አጥቶ ቆሞ ነበር። መጋቢት ላይ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ምጥ በያዛት በሁለተኛው ቀን በቃሬዛ አመጧት፤ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ስምንት ሆነው እየተፈራረቁ ሲሸከሟት አድረዋል፤ ትከሻቸው ላይ ያጠፉት ጋቢ በላብ ርሶ ነበር። እናትየው ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ሰኔ ላይ ተነሥቼ «የአምቡላንሱ ነዳጅ ለብቻው ይውጣ፤ ከውሎ አበሉ ከ6231 ተቀንሶ ይጨመርለት» አልኩ። መልሱ «ጣሪያው ተዘግቷል፤ አስተያየትሽን በአፈጻጸም እናየዋለን» የሚል ነበር። ወዲያው ድምፅ ተሰጠ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ። ያቺ እጄ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የሒሳብ ሠራተኛው፣ ከፍኖተ ሰላም፦

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ያጽናሽ። ቢሆንም እቃወምሻለሁ፤ የምቃወምሽም እነዚህኑ ቁጥሮች ስደምር ዓመታት ስላሳለፍኩ ነው።

ወረዳ በጀቱን ከራሱ ኪስ አያመጣውም። ከ1994 ዓ.ም ወዲህ ከክልሉ በጥቅል ድጎማ፣ በቀመር ተሰልቶ ይመጣለታል፤ በዚያ ላይ የራሱን ገቢ ይደምርበታል። ጣሪያ የሚባለው ይኸው ነው። ከጣሪያው ሥር ካለው መደበኛ በጀት ደግሞ አብዛኛው 6111 ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ። እሱን ማንም አይነካውም። የምትከራከሩበት እንግዲህ ሥራ ማስኬጃ ተብሎ የተረፈችው ናት። እሷን ለሁሉም አባል ክፍት ብታደርጊያት እያንዳንዱ ወደ ቀበሌው ይጎትታታል። ጮክ ብሎ የተናገረ ያገኛል፤ ከቆላ ቀበሌ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣው ዝምተኛ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሌላም አለ። የአምቡላንሱን ነዳጅ ለብቻው አወጣሽው እንበል። ኅዳር ላይ ጎማው ቢፈነዳስ? ማርሹ ቢሰበርስ? ያ ጥገና ነው፤ 6241። የነዳጁ ብር ተቀምጦ መኪናው ይቆማል። ገንዘቡን ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ለማዛወር የበጀት ዝውውር ይጠየቃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ፊርማ ይጠበቃል፤ ያቺ እናት ያው በቃሬዛ ትመጣለች።

የቡሬው ልጅ፦

ሁለታችሁም የምታወሩት አዳራሽ ውስጥ ስለሚሆነው ነው። ነገሩ እኮ አዳራሽ ሳይገባ ነው የሚያልቀው። አብዛኛው አባል የአንድ ፓርቲ ሰው ነው፤ በፓርቲው ስብሰባ «ይለፍ» የተባለውን አዳራሽ ገብቶ ለምን ይቃወማል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የፓርላማ አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። የተጻፈው ለፌዴራሉ ምክር ቤት ቢሆንም የወረዳውም አባል ከዚህ ያነሰ አደራ የለበትም።

ደግሞ የፌዴራሉን ራሱን ተመልከቱ። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ። ኅዳር ላይ ወደ 582 ቢሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት መጣ፤ እሱም ጸደቀ። የምንዛሬው ለውጥ ሁሉን ነገር ስላናረው ምክንያት አልነበረውም አልልም። ግን በሰኔ ከተከራከርንበት ከግማሽ የሚበልጥ ገንዘብ በመንፈቁ ከመጣ፣ ሲስተር በእርሳስ ያከበበቻት መስመር ምን ዋጋ አላት? እኔ ተስፋ የቆረጥኩት እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ፣ ከቢቸና፦

ልጆቼ፣ ተስፋ መቁረጡን ለጊዜው አቆዩት።

በ1960 ዓ.ም ልጅ ነበርኩ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አዲስ አበባ ላይ በፓርላማ ተከራክረውበት ወጣ። የግብር ገማቾች ወደ ጎጃም ሲመጡ ሞጣም ቢቸናም አሻፈረኝ አለ። አባቴ ገማች መጣ ሲባል በሬዎቹን በሌሊት ወደ ዓባይ በረሃ ነዳቸው፤ እናቴ እህሉን ከጎተራው አውጥታ ስትቀብር በጭላንጭል አይቻታለሁ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ማሩ፤ ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት እንደራሴም ተነሡ። ሕዝቡ ግብር አንከፍልም ብሎ አልነበረም፤ መሬቱን ሊለኩበት፣ ርስቱን ሊነጥቁት የመጡ መስሎት ነው። ይህ ምንድን ነው፣ ለምንስ ይውላል ብሎ ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ ያስረዳው አልነበረም።

የሒሳብ ሠራተኛው ልጄ፣ እያንዳንዱ ወደ ቀበሌው ይጎትታል ያልከው እውነት ነው። ይጎትት እንጂ! የተላከው ለዚያ ነው። ሌላው ደግሞ ተነሥቶ «ያንተ ቀበሌ አምና አግኝቷል፤ ዘንድሮ የኛ ተራ ነው» ይበለው። መጎተቱ በሰው ፊት ሲሆን ይሻላል፤ አሁንም እኮ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰው ይጎትተዋል።

ነጋዴው፣ ከእንጅባራ፦

ጋሼ እግዜር ያክብርልን። እኔ ግብሬን በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም በነበረበት ጊዜ የወረዳው በጀት በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ አደባባይ ይቆም ነበር፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል እያለ። ያ ይመለስልን። ሳያውቁ መከራከር የለም።

የማርቆስ ልጅ፣ ከሜሪላንድ፦

እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ግዛት በዚሁ ጥያቄ መቶ ዓመት ተከራክሯል። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍላችሁ። ሜሪላንድ በ1916 ባጸደቀችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጀት የሚያዘጋጀው ገዥው ሆነ፤ ሕግ አውጪዎቹ የመሥሪያ ቤቶቹን በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር ተከለከሉ። ምክንያቱ የፍኖተ ሰላሙ የሒሳብ ሠራተኛ እንዳለው ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ወደየራሱ እየሳበ የግዛቱ ሒሳብ ጎድሎ ነበር። በ2020 ጥያቄው ለሕዝብ ቀረበና ሕዝቡ ለወጠው። ከ2024 የበጀት ዓመት ጀምሮ ገዥው ካቀረበው ጠቅላላ ድምር እስካላለፉ ድረስ ከአንዱ ቀንሰው ለሌላው መጨመር ይችላሉ። ገዥውም እነሱ የጨመሩትን መስመር ነጥሎ መሰረዝ ይችላል። ጣሪያ ማለት መከራከርን የሚከለክል ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ጣሪያው እንደተዘጋ ሥሩ ያለው ዕቃ ይዘዋወራል።

አንድ ጊዜ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ሄጄ የንዑስ ኮሚቴ ስብሰባ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ማንም ገብቶ መስማት ይችላል። ምክር ቤቱ የራሱ ተንታኞች አሉት፤ ለገዥው የማይሠሩ። የአንድ መሥሪያ ቤት ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ተንታኙ የጻፈውን ያቀርባል፦ ይህ ክፍት የሥራ መደብ ሁለት ዓመት ሰው አልተቀጠረበትም፣ ገንዘቡ ይቀነስ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም፣ ምክንያቴ ይህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ጽሑፉ ቀድሞ ወጥቶ ሁሉም አንብቦታል። 141 ተወካዮችና 47 ሴናተሮች በ90 ቀን ጉባኤ ውስጥ ይህን ሁሉ ይጨርሳሉ። የበጀት ዓመታቸው የሚጀምረው በኛ ሰኔ 24 ነው፤ ከኛ የሚቀድሙት በአንድ ሳምንት።

ለሲስተር ይጠቅማል ብዬ የማስበው ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን አይቀንሱትም፤ ያጥሩታል። «ይህን ሪፖርት እስክታመጣ ድረስ ከአስተዳደር ገንዘብህ ይህን ያህሉን አትነካም» ብለው በራሱ በበጀት አዋጁ ውስጥ ይጽፉበታል። ሪፖርቱ ሲመጣ አጥሩ ይከፈታል።

የሒሳብ ሠራተኛው፣ ከፍኖተ ሰላም፦

ጋሼ፣ በር ተዘግቶ ይጎተታል ያሉትን ልክድዎት አልችልም፤ አይቼዋለሁ። የነጋዴውም ጥያቄ ልክ ነው።

የሜሪላንዱ ወንድሜ፣ ያ ተንታኝ እኛ ጋ የለም። የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ አባላት መምህር ናቸው፣ ገበሬ ናቸው፤ ከሥራቸው ተነሥተው ነው የሚመጡት። ኮድ የሚያነብላቸው ሰው የለም። ደግሞም ሰኔ ላይ መከራከር አርፍዶ መምጣት ነው። የበጀት ጥሪ ወርዶ መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያቀርቡት፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት «ይህን ቀንስ፣ ያን አውጣ» የሚለው ከዚያ ብዙ ወር ቀድሞ ነው። ኮሚቴው ያኔ አጠገባችን ቢቀመጥ ሰኔ ላይ ማንም «ጣሪያው ተዘግቷል» አይለውም ነበር። የኔ ተቃውሞ በአንድ ጠዋት፣ ሰነዱ ሳይነበብ መስመር መነካካቱን ነው።

ማጠሩ ግን... አሰብኩበት። ድምሩ አይነካም፣ ጣሪያው አይነካም፣ ዝውውር አይጠይቅም። ለሒሳብ ሠራተኛ የሚያስቸግር ነገር አላየሁበትም።

የቡሬው ልጅ፦

ከ2017ቱ ተጨማሪ በጀት ጋር ያነሣሁትን ማንም አልመለሰልኝም። ይሁን። ግን ተጨማሪ በጀት ሲመጣም እኮ አጥር ሊታጠርበት ይችላል፤ ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ፓርቲውም ቢሆን ሪፖርት አይቅረብ ብሎ ይከራከራል ብዬ አልገምትም። አምቡላንስ ለምን ቆመ ብሎ መጠየቅን ማን በይፋ ይቃወማል?

ሲስተር፣ ከደብረ ማርቆስ፦

የሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ፣ ማርሹ ቢሰበርስ ያልከኝ ትክክል ነህ፤ እኔ ስለ ነዳጁ ብቻ ነበር የማስበው። ዳሩ ግን ነዳጁ ለብቻው አይታሰር ብለህ የተከራከርክለትን ነፃነት ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ነዳጁ ሁሌ የሚሄደው ወደ ስብሰባ ነው፣ ምጥ ወዳለበት ሄዶ አያውቅም። ኃላፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የስብሰባ ጥሪ ከበላይ በደብዳቤ ይመጣበታል፣ ካልሄደ ይጠየቃል። ምጥ የያዛት ሴት ደብዳቤ አትጽፍም። እሷን ወክሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ምክር ቤቱ ለምን ይሰበሰባል?

በአሁኑ ምክር ቤት ያለች አንዲት አባል እንድጽፍላት ጠይቃኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሞሽን፣ ማለት የውሳኔ ሐሳብ አድርጋ ልታቀርበው ነው፤ የሚደግፏት ሁለት ሰዎችም አሏት። እስኪ እዩልኝ፦

«በአዲሱ የበጀት ዓመት ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ከተያዘው የውሎ አበል (6231) አንድ አራተኛው፣ አምቡላንሱ በየወሩ ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ ስንት ጊዜ እንደወጣና ነዳጅ አጥቶ ስንት ቀን እንደቆመ የሚያሳይ የስድስት ወር ሪፖርት ለምክር ቤቱ እስኪቀርብ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም።»

ጋሼ፣ ከቢቸና፦

ልጄ፣ «ስንት ጊዜ እንደተጠራ» ያልሽውን ማን ይመዘግበዋል? ሾፌሩ ካልወጣ አልተጠራሁም ይላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ከቀበሌ የደወለችበትን ቀንና ሰዓት በራሷ መዝገብ ትያዝ፤ ሁለቱ መዝገብ ይተያይ።

የሒሳብ ሠራተኛው፣ ከፍኖተ ሰላም፦

የጋሼን አስገቢው። ከዚያ «ነዳጅ አጥቶ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ተበላሽቶ» ጨምሪበት፤ አለዚያ ጥገና ላይ ነበር ብለው ያመልጡሻል። ስድስት ወርም አትበይ። የቆመው ከጥር በኋላ ነው አላልሽም? የስድስት ወሩ ሪፖርት ሲመጣ ነዳጁ አልቋል። በየሩብ ዓመቱ በይው፤ የመጀመሪያው ጥቅምት ላይ ይቅረብ። የተስተካከለውን ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ ቁጥሩን ከበጀቱ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሬ እመልስልሻለሁ።