ቤቴ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ሌሊት ደግሞ ጎርፍ ገባበት፤ ምን ላድርግ?

የቆላው፦
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች ነኝ፤ የከተማዬ ስም ይቆየኝ። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ደራሽ ውሃ መጣብን። እኛ ጋ ጠብ አላለም፤ ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ ነው። ወንዙ በጓሮ በኩል ጥሶ ሁለቱን ክፍል እስከ አልጋው ቋሚ ሞላው። ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ወስጃለሁ። ጠዋት ሳየው የወንዙ ዳር ሦስት እርምጃ ያህል ተንዶ ሄዷል፤ ጥግ ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ግማሽ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከዛፉ እስከ ግድግዳዬ ስምንት እርምጃ ነው የቀረው።
በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ግንባታ አቁም የሚል ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ሦስተኛ ክፍል ጀምሬ ብሎኬቱ መስኮት ደርሷል። በወንዙ በኩል የድንጋይ ግንብ ባቆም ውሃውን ይመልስልኛል? ከፍታው ስንት ይሁን? ግንቡን ካዩ ትእዛዙን ያነሱልኛል?

ግንበኛው፦
አይዞህ ወንድሜ። ጋቢዮን ነው መፍትሔው፤ ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ማለቴ ነው። ሽቦውን ገዝተህ ድንጋዩን ከዚያው ከወንዙ ልቀም።

ጡረተኛው ቀያሽ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያተረፋችሁ። ነገሩን ከላይ ጀምረህ እየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ያ ሁሉ ከፍታ በአጭር መንገድ ነው ቁልቁል የሚወርደው። ወንዞቹ ሮቢም፣ ጀውሃም፣ አጣዬም ከዚያ ገደል ወርደው ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት። ለዚህ ነው ሰማይ ጠርቶ ጎርፍ የሚመጣባችሁ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነበር። የበጋውን አሸዋ አይቶ የወንዝ ዳር መለካት ትልቅ ስሕተት ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መጀመሪያ የምጠይቀው የሰፈሩን ሽማግሌ ነበር፦ ውሃው በዘመንዎ የት ድረስ ወጣ?

ሰላም ለሁሉ፦
ጋቢዮን።

የሮቢት ልጅ፦
ጋቢዮን ጋቢዮን ስትሉት ጋቢ መስሎት ለብሶ እንዳይተኛ 😀 ይልቅ ወንድሜ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ፤ ሶኬቱ ሳይደርቅና ባለሙያ ሳያየው እንዳታበራ። ሽንት ቤታችሁ ሞልቶ ከሆነ የጉድጓድ ውሃ አትጠጡ፤ አፍሉት ወይም የውሃ ማከሚያውን ውሃ አጋር ጨምሩበት። እኛ ሰፈር አንድ ክረምት ከጎርፉ ይልቅ አተቱ ነው የጎዳን።

መሀንዲስ ከደብረ ብርሃን፦
ቅር አይበልህና ጥያቄህ ራሱ ልክ አይደለም። ደራሽ ውሃ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ግንብን ከሥሩ ቦርቡሮ ይጥለዋል። መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች በደንብ ካልወረደ ከፍታው ምንም አይጠቅምህም። ጋቢዮንም ቢሆን ሥሩ ላይ ወደ ወንዙ የተዘረጋ የሽቦና የድንጋይ ምንጣፍ ከሌለው አብሮ ይሄዳል። ድንጋዩን ከዚያው ከወንዙ ልቀም ያለህ ሰው ደግሞ ወለሉን የያዘውን ድንጋይ አንሣ እያለህ ነው፤ አታድርገው። አንተ ብቻህን ብትዘጋ ውሃው ማዶ ያሉትን ይመታል። ሁለቱም ዳር አንድ ላይ ተጠንቶ መሠራት ያለበት ነገር ነው።
ያልነገርከን ነገርም አለ። ካርታ አለህ? የግንባታ ፈቃድስ?

የቆላው፦
ካርታ የለኝም። በ2012 ከገበሬ በመንደር ውል ገዛሁ፤ ሦስት ምስክር ፈርሟል። ቆጣሪ ገብቶልኛል። ጎረቤቶቼም እንደኔው ናቸው። መብራት ሲያስገቡልኝ ዝም ብለው ዛሬ ለምን?

እህተ ሸዋ፦
የመሬት ጉዳይ ላይ ሠርቻለሁ፤ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ቆጣሪም ይዞታ አያረጋግጥም። በሕንፃ አዋጁ እንዳንተ ላለ ምድር ቤት ንድፉ ይቀልልሃል እንጂ ፈቃዱ አይቀርልህም።
ነገ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ቀለሙን ለማስጠፋት አትከራከር። አንድ ነገር ጠይቅ፦ ቦታዬ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ምን ተብሎ ተቀምጧል? የወንዝ ዳርቻ ወይም አረንጓዴ ከተባለ ይዞታህን ሥርዓት ማስያዝም አይቻልም፤ ከፕላኑ ጋር መጣጣም አለበትና። መኖሪያ ከተባለ ግን መነጋገሪያ አለህ። በሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም ፈቃድ በሚሰጠው ኃላፊ፣ ውሳኔ ካልተስማማህ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለ፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እንዳያልፍህ። ካሳና ምትክ ቦታ በአዋጅ 1161/2011 ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ ስለዚህ ብቻህን አትግባ። ዕድራችሁ ስንት ቤት ወንዙ ዳር እንዳለ፣ ውሃው የት እንደደረሰ መዝግቦ ሁላችሁም ተፈራርማችሁ መልሶ ማስፈር ጠይቁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጭቃ መስመር ሳትቀባው ከመሬቱ ለክተህ ፎቶ አንሣው።

ሰላም ለሁሉ፦
አዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ደንብ ወጥቷል፣ እሱን ይዘህ ሂድ።

እህተ ሸዋ፦
ያ የአዲስ አበባ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ላይ አይሠራም።

ግንበኛው፦
መሀንዲሱ፣ እኔ ጋቢዮን ሠርቼ አምስት ዓመት ቆሟል።

መሀንዲስ ከደብረ ብርሃን፦
የት ወንዝ ላይ? ሥሩ ምንጣፍ ነበረው?

ግንበኛው፦
የመንገድ ቦይ ላይ ነው። እሺ፣ ይለያያል።

የቆላው፦
እህቴ አመሰግናለሁ። ግን ሦስተኛው ክፍል ላይ ያለኝን ሁሉ አፍስሻለሁ። ጣራ ብቻ ባለብሰውስ?

መሀንዲስ ከደብረ ብርሃን፦
አንድ ቆርቆሮ እንዳትመታ። ያልተለሰነውን ብሎኬት አሁኑኑ እየፈታህ አስቀምጥ፤ ሌላ ቦታ ይሠራልሃል። ሲሚንቶና ብረት ካለህም ዛሬውኑ አውጣ።

ከደብረ ሲና፦
የቆላው፣ እዚህ ላይ ጠቁሮ ነበር፤ አሁን ከባድ ዝናብ ጀምሯል። ሰዓቱ 11፡20 ነው። ዕቃ ለማውጣት ብለህ ዛሬ እዚያ ቤት አትደር። ጎረቤቶችህንም ንገራቸው።

የሮቢት ልጅ፦
ወንድሜ፣ መልእክቱ ደርሶሃል?

እህተ ሸዋ፦
የቆላው፣ ደህና ነኝ በለን እስቲ።