ሱባሩ ሞተር የገባላት ቮልስ ኋላዋ ተቀመጠ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም የቮልስ ወዳጆች። 1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተሯን አውጥተን ባለ 2 ሊትር ሱባሩ ኢጄ20 ገጠምንላት። ጉልበቷ ሌላ ነው! ችግሩ አዲሱ ሞተር ይከብዳል፤ ክብደቱ ያረፈው ደግሞ ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ ነው። ኋላዋ ዝቅ ብሎ የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ አዘነበለ። ጎማው በውስጥ በኩል እየተበላ ነው።

መካኒኬ “አሞርዛቶር እንቀይር” ይላል። አልተዋጠልኝም። አሞርዛቶር ንጥረቱን ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም። የሚሸከመው ቶርሽን ባሩ፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራው የብረት ዘንግ ነው። እሱ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ ስላለው፣ ሁለቱን በተቃራኒ በማዞር ከፍታውን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ይቻላል። ግን ከመጠን በላይ ከፍ ካለ፣ የሷ ዓይነት ስዊንግ አክሰል (ጎማው ከአክሰሉ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያዘነብልበት) ላይ፣ ኩርባ ሲዞር የውጭው ጎማ ከሥር ሊታጠፍ ይችላል። የእንጦጦን ቁልቁለት እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

የድሮውን ባር አዙሬ ልጠቀም ወይስ ወፍራም ልፈልግ? ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ላይ ያለውን የኋላ እግር (ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ብዙም የማያዘነብልበትን) የገጠመስ አለ? ብየዳ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝ ሻሲው እንዳይጣመም ነው። ፍሬኗም በአራቱም ጎማ ከበሮ ነው። የቱን ላስቀድም?