ብሉቱዙ መንገደኛውንም «ገባ» ይለዋል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለኝ። ደንበኛ ሲገባ ስልኩ ራሱ እንዲመዘግበው፣ ሲወጣም ሂሳቡ እንዲከፈል ብዬ በብሉቱዝ የሚሠራ ቢከን (በአቅራቢያው ላሉ ስልኮች ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) በሩ ላይ ሰቀልኩ።

ችግሩ፣ በውጭ የሚያልፈውንም ሰው «ገባ» ብሎ ይመዘግበዋል። የምልክቱን ጉልበት ስቀንሰው ደግሞ ስልኩን ኪሱ የከተተውን ደንበኛ ያጣዋል። የሰው ገላ ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እንደሚውጥ አውቃለሁ፤ መላው ግን ጠፋኝ። ኤንኤፍሲ (ስልክን በጣም በማስጠጋት የሚሠራ የገመድ አልባ ንባብ) በ4 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያነብ እንዲህ አይሳሳትም፤ ግን የብዙ ደንበኞቼ ስልክ የለውም።

ቡና ያልጠጣ ሰው ሂሳብ እንዳይቆረጥበት በጣም እሰጋለሁ። ምዝገባውን በብሉቱዝ እንዳለ ትቼ ክፍያውን በኪውአር ኮድ ባደርገው ያዋጣል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ቢከኑን የት ሰቀላችሁት? ስልኩ ስንት ሰከንድ ከቆየ በኋላ ነው የምትመዘግቡት?