የዕቅድ ውይይት፦ አባላት በስልካቸው የሚጠያየቁበትና የሚረዳዱበት የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ
ጤና ይስጥልን። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «አባላት በሙሉ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባሉ፤ እርዳታ የፈለገ ይጽፋል፤ የቻለ ይረዳል።» ጉድለቱን ሳትቆጥቡ ጻፉ። ሐሙስ ማታ እዘጋለሁ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ተጠሪ
ሰብሳቢያችን፣ አንድ ትልቅ ግሩፕ የሚለውን አልደግፍም። ቴሌግራም እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ሰው መብዛቱ ግን ለጠያቂው አይጠቅመውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊና ላታኔ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ታሞ የሚጣራ ሰው ድምፅ ለብቻቸው የሰሙ ከመሰላቸው ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ተነሥተዋል። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካመኑት ግን የተነሡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክፋት አይደለም፤ እያንዳንዱ «ሌላው ይደርስለታል» ብሎ ነው።

በግሩፕም የሚሆነው ይኸው ነው። «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ ይኖራል?» ተብሎ 300 ሰው ፊት ሲጻፍ አርባ የልብ ምልክት ይሰበሰባል፤ መኪና ይዞ የሚመጣ ግን አይገኝም። ጠያቂውም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ሰው የሚይዙ ትንንሽ ክበቦች ይሁኑ። ከ8 ካነሰ ሁለት ሰው መንገድ ሲሄድ ክበቡ ጭር ይላል፤ ከ12 ካለፈ ደግሞ ያው መጠባበቅ ይጀመራል። በእያንዳንዱ ክበብ ቢያንስ ሦስቱ በእግር የሚደራረሱ ጎረቤታሞች ይሁኑ።

ትልቁን ግሩፕ ግን አናፍርሰው። የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪው ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው አዲስ ወሬ፣ በተለይ የሥራ ወሬ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን ከሩቅ ትውውቅ ነው። የቅርቡ ሰው የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነውና። ለሥራ ማስታወቂያ፣ ለጠፋ ዕቃ፣ ብርቅ ሙያ ላለው ሰው ፍለጋ ትልቁ ይጠቅማል።

የቴክኒክ ክፍል
እስማማለሁ። በትልቁ ግሩፕ «ቶፒክስ» የሚለውን፣ ግሩፑን በርዕስ የሚከፋፍለውን፣ ከፍተን ሦስት ክፍል እናድርግ፦ ማስታወቂያ፣ ጥያቄ፣ ልሰጥ የምችለው። ካልተከፈለ ጥያቄው በሰላምታ ጎርፍ ተቀብሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል።

በክበቦቹ ውስጥ አንድ የጥያቄ ቅጽ ፒን ይደረግ (ከላይ ተሰክቶ ይቆይ)፦ ምን ሥራ፣ መቼ፣ የት አካባቢ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ መልሱ እስከ መቼ ይፈለጋል። «ቤት እየቀየርኩ ነው፣ ተባበሩኝ» ለሚል ጽሑፍ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልጋና ቁም ሣጥን ከሁለተኛ ፎቅ ማውረድ፤ ሦስት ሰው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እስከ ዓርብ ማታ መልስ እጠብቃለሁ» ሲባል ግን ያነበበው ወዲያው ቀኑን ያያል። የወሰደው ሰው «እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ሲያልቅ ጠያቂው «ተፈጽሟል» ይላል። «እኔ ይዤዋለሁ» የምትለዋ ቃል ከተረሳች ሁለት ሰው በር ላይ ይገናኛል፣ ወይም ማንም አይመጣም።

ጸሐፊ
ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ተረኛው ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ጥያቄዎችን የሚከታተል ተረኛ ይሁን። ጥያቄ ለሁለት ሰዓት ያለ መልስ ከቆየ፣ ተረኛው ለሁለት ሰዎች በስማቸው ይደውል። ዳግመኛ በጽሑፍ አያስታውስ፤ በድምፅ የተጠየቀ ሰው እሺ ወይም አልችልም ይላል፣ በጽሑፍ የተጠየቀ ዝም ይላል።

ደግሞ የባሰበት ሰው ራሱ አይጽፍም። ለተረኛው በውስጥ መስመር ነግሮ ጥያቄው ያለ ስም የሚወጣበት መንገድ ይኑር። የተደረገለት ሰው ፎቶ ግን በምንም ሁኔታ አይለጠፍ። ይህን በጥብቅ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ
በክበብ ውስጥ ገንዘብ አይጠየቅ። አጭበርባሪዎች የአባል አካውንት ይይዙና «ቸግሮኛል፣ ዛሬውኑ ላክልኝ» ብለው ይጽፋሉ። አካውንቱን የሚይዙትም አብዛኛውን ጊዜ በኤስኤምኤስ ወይም በራሱ በቴሌግራም የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ «በስህተት ላንተ ላክሁት» ብለው በመቀበል ነው። እያንዳንዱ አባል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ይክፈት፤ ኮዱን ለማንም አይስጥ። የገንዘብ ጥያቄ ከመጣ ቀድሞ በስልካችን ባለው ቁጥር ደውለን ድምፁን እንስማ፤ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴው ይምጣ። ምንጩ ያልታወቀ «ይህን ሕፃን አድኑ» የሚል ፎርዋርድም ተረኛው ሳያጣራ አይለፍ።

አንጋፋ አባል
ልጆቼ፣ ሁሉም ነገር እርዳታ ብቻ ሆነ። ወዳጅነቱስ? የተግባቦት ተመራማሪው ጄፍሪ ሆል በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ከትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ፣ ለቅርብ ወዳጅነት ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መሆን ይጠይቃል። ይህ በ«ላይክ» አይሞላም። ስልኩ መገናኛውን ቀጠሮ ይያዝልን እንጂ መገናኛው ራሱ አይሁን።

ያጌጠ የሰላምታ ሥዕል ለሃምሳ ሰው ከመላክ፣ ለአንድ ሰው «ጉልበትህን ያምህ ነበር፣ ዛሬ ደረጃውን እንዴት ወጣኸው?» ማለት ይበልጣል። የተጠየቀው ሰው የሚያስታውሰው እንዳለ ያውቃል። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይደውልለታል፤ በሦስተኛው ወር ስልኩ ጸጥ ይላል። ያንን ጊዜ ክበቡ ይያዘው።

የቴክኒክ ክፍል
አባታችን ያሉት በቀላሉ ይሠራል። ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ማስታወሻ ይጽፉና የመላኪያ ምልክቱን ጫን አድርገው ሲያቆዩት የሚያስታውስዎትን ቀን ይመርጣሉ። በቀጥታ ለወዳጅዎ እንዲሄድ ግን አይቅጠሩት። በመሐል ሰውየው ሕመሙ ከጸናበት «እንኳን ለዳንክ» የሚል መልእክት በሰዓቱ ይደርሰዋል።

አባል
ብዙ ለረዳ ነጥብ ቢሰጥና በወሩ መጨረሻ ቢመሰገንስ?

የማኅበራዊ ጉዳይ ተጠሪ
እህቴ፣ ሐሳብሽ ከቅንነት ነው፤ ነገር ግን ነጥብ ሲቆጠር ሰው የሚታየውን ሥራ ይመርጣል። ዕቃ ማውረድ ይሞላል፤ ለብቸኛ ሰው አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማውራት ባዶ ይቀራል። ቆጠራው ለተረኛው ብቻ ይሁን፣ ለሌላ ዓላማ፦ በወር ሦስት ጊዜ የሄደ ሰው በአራተኛው እንዳይጠራ። እነዚያው ሦስት ሰዎች ሁልጊዜ ከተጠሩ በስድስት ወር ውስጥ ዝም ብለው ይወጣሉ።

ስማርት ስልክ የሌላቸውን አባላትም አንርሳ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የክበብ አባል ይመደብ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይደውል፣ ጥያቄያቸውን እሱ ይጻፍ።

ሰብሳቢ
እንግዲህ ረቂቁ ተለውጧል። በሦስት ክበብ ለስምንት ሳምንት እንሞክረዋለን። የምንቆጥረውም የመልእክት ብዛት አይደለም፦ ስንት ጥያቄ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰው አገኘ፣ ስንት አባል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ፣ ስንቱ በአካል ተገናኘ። ተረጂው ስሙ እንዳይገለጽ የመጠየቅ መብት አለው የሚለውም ገብቷል። የቀረ አለ?

ጸሐፊ
አንድ ነገር። «ተረጂ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ጠያቂ» ይባል። ቅዳሜ ቁም ሣጥን የወረደለት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ሊሆን ይችላል።

ሰብሳቢ
ተስተካክሏል። የሦስቱን ክበቦች የስም ዝርዝር እስከ ረቡዕ ማታ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።