የአዳራሽና ስቱዲዮ ፕሮፖዛል፦ እስከ ሐሙስ ያላችሁን በሉ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁን ልኬያለሁ። ሐሙስ ማታ መግባት አለበት። ከገባ በኋላ «እኔ አላየሁትም» የሚል ሰው አልሰማም። ባጭሩ፦ 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ከጀርባው የቀረጻ ክፍልና መቆጣጠሪያ ክፍል። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር። ኃይሉ በአብዛኛው ከሶላር።

ገንዘብ ያዡ፦ ደግሞ አፈር? የመጀመሪያው ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሆነ ረሳችሁት? የተናደው እኮ የሰው መዋጮ ነው።

አርክቴክቷ፦ አልረሳሁም። ያኔ የናደው አፈር መሆኑ አይደለም። መሠረቱ ከመሬት ከፍ አላለም፣ ጣሪያውም ክፈፍ አልነበረውም። ውሃው ሥር ሥሩን በላው። አሁን የድንጋይ መሠረትና ሰፊ ክፈፍ አለ። አፈር ያልኩት ለፋሽን አይደለም። ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከሲሚንቶ ምርት ነው። የተጠቀጠቀ አፈር ደግሞ በኪዩቢክ ሜትር 2 ቶን ገደማ ይመዝናል። ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ነው። የቀኑንም ሙቀት ቶሎ አያስገባም።

ገንዘብ ያዡ፦ እሺ። ስሌቱን አያይዢው። በቃል ብቻ አልፈርምም።

ከበሮ መቺው፦ ገጽ 4 ላይ ስለ ቀረጻ ክፍሉ የውስጥ ግድግዳ አንድም ቃል የለም። የእንቁላል ካርቶኖቹስ? 640 ደርሰዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የሰበሰብኩት። በቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ሁላችሁም አጨብጭባችኋል።

ድምፅ ቀጂው፦ እኔ አላጨበጨብኩም። የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያቆምም።

ከበሮ መቺው፦ ታዲያ ያ ሁሉ ስቱዲዮ ለምን ይለጥፈዋል?

ድምፅ ቀጂው፦ አንዱ ካንዱ ስለሚኮርጅ። ሁለት ነገር እያደባለቅክ ነው። ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማገድ ለብቻው ነው፣ ክፍሉ ውስጥ እንዳያስተጋባ መምጠጥ ለብቻው። ለማገድ ክብደት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀዳዳ መኖር የለበትም። ከግድግዳው 1 በመቶው ክፍት ከሆነ፣ ቀሪው ተራራ ቢሆንም ከ20 ዲሲቤል በላይ አያግድልህም። በሩ ሥር ያለችው ክፍተት ካርቶንህን ሁሉ ገደል ትከተዋለች። ለመምጠጥም ቢሆን ካርቶን የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። የትልቁ ከበሮህ ድምፅ 60 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ አንዱ ሞገድ ብቻውን ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ካርቶን መኖሩንም አያውቅ።

ከበሮ መቺው፦ ሞገድህን ተወው። ቤቴ ኮሪደር ላይ ደርድሬዋለሁ፣ ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ድምፅ ቀጂው፦ ትሰማለህ። ሲምባሉ ይደበዝዛል፣ ቤዙ እንዳለ ይቀራል። ጎረቤት የሚያንኳኳብህ ደግሞ በቤዙ ነው።

የኳየር ተጠሪዋ፦ የካርቶኑ ነገር ካለቀ አዳራሹን እንይ። ለኛ ድምፁ ትንሽ ሊቆይልን ይገባል። ለስብሰባ ደግሞ ከቆየ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ረቂቁ ሁለቱንም «ያገለግላል» ይላል። እንዴት?

አርክቴክቷ፦ በወፍራም መጋረጃ። ሲዘረጋ ማስተጋባቱ ያጥራል፣ ለንግግር 1 ሰከንድ አካባቢ። ሲሰበሰብ ይረዝማል፣ ለኳየር እስከ 2 ሰከንድ። ገጽ 6።

ከበሮ መቺው፦ መጋረጃ ይፈቀዳል፣ ካርቶን አይፈቀድም። ገባኝ። ችግሩ ካርቶኑ አይደለም፣ ያመጣው ሰው ነው።

ሰብሳቢው፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። ትናንት መሣሪያ ሳይኖረን የራሱን ያዋሰን እሱ ነው። ጥቂቱን ብንለጥፍለትስ? አንድ ግድግዳ?

ከበሮ መቺው፦ «ብንለጥፍለት»? ጋሼ፣ እኔ ምጽዋት አልጠየቅኩም።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ አንድም ግድግዳ አይቻልም። ወረቀት ነው፤ ክብሪት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ፣ በአንድ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል። በ2013 ደግሞ ብራዚል ሳንታ ማሪያ ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ 242 ሰው። ሁለቱም ጋ የነደደው ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈው ነው። 200 ሰው በሚገባበት ቤት እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፊርማዬን አላኖርም።

ከበሮ መቺው፦ አሁን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ሆንኩ። እግዜር ይስጣችሁ።

የወጣቶች ተጠሪው፦ ለምን አንሞክረውም? ሳቢን የሚባል የሃርቫርድ መምህር የማስተጋባትን ስሌት ያገኘው እኮ በወንበር ትራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895፣ 5.5 ሰከንድ ያህል የሚያስተጋባ የንግግር አዳራሽ አስተካክል ተባለ፣ ትራሱን እያስገባና እያስወጣ ለካ። እኛም ካርቶኑን አስገብተን አስወጥተን እንለካ። ማክሰኞ 11 ሰዓት፣ አሮጌው አዳራሽ። መለኪያና ማይክ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ከበሮ መቺው፦ ይሄ ሰው ይመቸው። 100 ካርቶን ይዤ እመጣለሁ።

ድምፅ ቀጂው፦ እኔም አለሁ።

ከበሮ መቺው፦ 12 ሰዓት ሆነ። ካርቶን ተሸክሜ በር ላይ ቆሜያለሁ። መለኪያው የታለ?

ጸሐፊዋ፦ የወጣቶች ተጠሪው ስልክ ዝግ ነው።

ድምፅ ቀጂው፦ ቀረጻ ረዝሞብኝ ነው ወንድሜ። ይቅርታ፣ እውነቴን ነው።

ከበሮ መቺው፦ ምንም አይደል። እየዘነበ ነው፣ ልግባ።

ገንዘብ ያዡ፦ እናንተ ካርቶን ስትቆጥሩ እኔ ሒሳቡን አየሁት። በጀቱን የበላው ቀረጻ ክፍሉ ነው። ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል፣ ድርብ በር፣ ላስቲክ ላይ የሚቀመጥ ወለል። እሱን ዕቃ ቤት ብንለው ሌላው ሁሉ ይገባል።

ድምፅ ቀጂው፦ ዕቃ ቤት? ይህ ሁሉ የተጀመረው ለስቱዲዮ አይደለም እንዴ?

ገንዘብ ያዡ፦ «ወደፊት ስቱዲዮ የሚሆን» ብለን እንጽፈዋለን።

ድምፅ ቀጂው፦ አይሆንም። ወለሉ በኋላ ከፍ ሲል ጣሪያው ይወርድብናል፣ በሩ ያጥራል። ከመጀመሪያው ካልታሰበ አፍርሶ መሥራት ነው።

ሰብሳቢው፦ ጣሪያውን ከአሁኑ ከፍ አድርጋችሁ ተዉታ።

አርክቴክቷ፦ አየሩስ? ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል። 200 ሰው ማለት 20 ኪሎዋት ነው። መስኮት ከተከፈተ ድምፅ ይወጣል፣ ከተዘጋ ሰው ይታፈናል። ውስጡ ድምፅ በሚመጥ ነገር የተለበጠ የአየር ቱቦ ያስፈልጋል። እሱም ገንዘብ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ እንግዲያው 120 ሰው ይሁን። መስኮት ይከፈት፣ ማታ ሙዚቃ አይኑር።

የኳየር ተጠሪዋ፦ ማታ የማይዘፈንበት የሙዚቃ ቤት? ቀን ሁላችንም ሥራ ላይ ነን እኮ።

ጸሐፊዋ፦ ሐሙስ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የመለሰ ስለሌለ እንዲህ ብዬ አስገብቼዋለሁ፦ «ሁለገብ አዳራሽ፣ 120 ሰው፣ ከነዕቃ ቤቱ።» አፈሩ አለ። መጋረጃው አለ። ስቱዲዮው አባሪ 2 ላይ አንድ መስመር ነው።

የወጣቶች ተጠሪው፦ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። ሙከራው መቼ ሆነ?

ከበሮ መቺው፦ የዕቃ ቤቱ በር ስፋቱ ስንት ነው?

አርክቴክቷ፦ ዕቃ ቤት ውስጥም ቢሆን ወረቀት ይነዳል።

ከበሮ መቺው፦ የጠየቅኩት ስፋቱን ነው።